ስለ «ዝግመት»፣ ስለ «ውስንነት» እና ስለ «አካቶ»፤ የመምህራን አመለካከት በስያሜዎች ታሪክ ሲታይ

የአእምሮ እድገታቸው ከእኩዮቻቸው የዘገየ ሕፃናት በመደበኛው ክፍል ከሌሎች ጋር ይማሩ ወይስ ለብቻቸው ይያዙ የሚለው ጥያቄ፣ የትምህርትና የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሚከራከሩበት እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና የተርጓሚዎች ጉዳይ እንዳልሆነ ተቈጥሮ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ነገር ግን መምህራን ስለ ጉዳዩ ያላቸው አመለካከት በአብዛኛው የሚታወቀው በመጠይቅ ነው፤ መጠይቅ ደግሞ ከቃላት የተሠራ መሣሪያ ነው። ባገራችን የሚሠራበት መጠይቅ ብዙውን ጊዜ መነሻው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ መምህሩ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» በሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ መልስ የሚሰጠው ስለ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ተርጓሚው ስለ መረጠለት ቃልም ጭምር ነው። ከመልሱም ተነሥቶ ሕፃኑ የሚገባበት ክፍል ይታሰባል፤ መምህሩ ይሠለጥናል ወይም ሳይሠለጥን ይቀራል፤ በጀት ይያዛል ወይም ይታጠፋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአንድ በኩል በሌሎች አገሮች ለነዚህ ሕፃናት የተሰጡ ስያሜዎች እንዴት እንደ ተፈራረቁ፣ በሌላ በኩል አማርኛ ለዚሁ ጽንሰ ሐሳብ ያወጣቸው ቃላት ከምን እንደ ተገኙና ምን እንደሚናገሩ እንመረምራለን። ልናሳይ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም የሕፃኑን ስም ደጋግሞ መለወጥ ብቻውን የመምህሩን አመለካከት እንዳልለወጠ፤ ለውጥ የታየው «ሊማር ይችላል ወይስ አይችልም» የሚለው አነጋገር በሕግና በሥራ ሲታረም መሆኑን ነው።

1. የስያሜዎች መፈራረቅ

ዛሬ በአውሮጳ ቋንቋዎች ስድብ ብቻ ሆነው የቀሩ ብዙ ቃላት አንድ ጊዜ የሊቃውንት ቃላት ነበሩ። «ኢዲየት» የሚለው ቃል ከጽርእ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የሚያመለክተው በሕዝብ ጉዳይ የማይገባውን፣ በራሱ ጉዳይ ብቻ የሚኖረውን ተራ ሰው ነበር። «ኢምቤሲል» መነሻው ላቲን ሲሆን ትርጕሙ ደካማ ማለት ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ሲያወጣ፣ ዓላማው መደበኛውን ትምህርት መከተል ያቃታቸውንና ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለይቶ ለማወቅ ነበር። ቢኔ ራሱ ይህ ልኬት የማይለወጥ የተፈጥሮ መጠን ነው ብሎ አላመነም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው አእምሮ በትምህርት ሊጨምር አይችልም የሚሉትን ሰዎች አጥብቆ ተቃውሟል። መለኪያው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ይህ ማስጠንቀቂያ አብሮ አልተሻገረም። ሄንሪ ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1910 ከሁለቱ ነባር ስያሜዎች በላይ ላለው ደረጃ «ሞሮን» የሚል አዲስ ቃል አወጣ፤ ቃሉ የተወሰደበት የጽርእ ቃልም ሞኝ ማለት ነው። ሦስቱ ቃላት የልኬት ደረጃዎች ሆነው በሕክምናና በትምህርት መጻሕፍት ሲሠራባቸው ከቆዩ በኋላ ከሊቃውንቱ እጅ ወጥተው የጎዳና ስድብ ሆኑ።

የዚህን መፈራረቅ ፍጥነት ለመረዳት የአንድ ማኅበር ስም ብቻ መከተል ይበቃል። በአሜሪካ በዚህ መስክ የተሰለፉ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1876 ሲመሠረት በስሙ ውስጥ «ኢዲየት» ከሚለው የወጣ ቅጽልና «ደካማ አእምሮ» የሚል ሐረግ ነበረበት። በ1906 «ደካማ አእምሮ» የሚለው ብቻ ቀረ፤ በ1933 ስሙ ወደ «የአእምሮ ጉድለት» ተለወጠ፤ በ1987 «የአእምሮ ዝግመት» ሆነ፤ በ2007 ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን፣ የአእምሮ ችሎታንና የእድገትን ጉዳት የሚጠቅሰውን ስም ያዘ። በ131 ዓመት ውስጥ አምስት ስም መሆኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2010 «የሮዛ ሕግ» ተብሎ በሚታወቀው ሕግ «የአእምሮ ዝግመት» የሚለውን አነጋገር ከፌዴራል የትምህርትና የጤና ሕጎች አስወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ተቀባይነት አግኝቶ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች መለያ ስያሜውን ለውጧል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከነዚህ ስያሜዎች መካከል በተወለደበት ቀን ስድብ ይሁን ተብሎ የወጣ የለም ለማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ የቀድሞውን እድፍ ለማጥራት የመጣ ነበር። እድፉ ግን ከቃሉ ሳይሆን ቃሉ ከሚነገርበት ቦታ የመጣ ስለ ሆነ፣ አዲሱ ቃል እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደ ቀድሞው አደፈ። የስያሜ ሥራ ብቻውን አመለካከትን ያድናል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል።

2. «የማይማር» የሚለው ቃል

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ከሕፃኑ ስም ይልቅ የከበደ ውጤት ያስከተለው ሌላ ዓይነት ቃል ነው። ይኸውም የሕፃኑን የመማር ዕጣ የሚወስነው ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ፣ በትምህርት ቤት ለመማር አይችሉም የተባሉትን ሕፃናት የአካባቢው የትምህርት ባለ ሥልጣን እንዲለይና ከራሱ ኀላፊነት እንዲያስወጣ ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ የጤና መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይሆናል፤ መምህርም አይመደብለትም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ይህን አሠራር ሽሮ በ1971 በሥራ ላይ ሲውል፣ ማንኛውም ሕፃን «የማይማር» ተብሎ ከትምህርት ውጭ የሚሆንበት መንገድ ተዘጋ።

በአሜሪካም የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ሕግ «ሊማርም ሊሠለጥንም አይችልም» የሚል ማረጋገጫ የተሰጠበትን ሕፃን ትምህርት ቤት ላለመቀበል ይፈቅድ ነበር። የወላጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ክስ መሥርቶ፣ ጉዳዩ በ1972 በስምምነት ሲያልቅ ክፍለ ግዛቱ ለነዚህ ሕፃናት ነፃ ትምህርት የመስጠት ግዴታ ገባ። ይህና የመሳሰሉት ክሶች እ.ኤ.አ. በ1975 ለወጣውና ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ሁሉ ለሚመለከተው የፌዴራል ሕግ መንገድ ጠረጉ። ኢጣልያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ቁጥር 517 ሕግ፣ በግዴታ ትምህርት ደረጃ የነበሩትን ልዩ ክፍሎች አስቀርታ ተማሪዎቹ በመደበኛው ክፍል ከደጋፊ መምህር ጋር እንዲማሩ አደረገች።

አሁን ይህን ቃል በቋንቋ ዓይን እንመልከተው። «ሊማር የማይችል» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሕፃኑ ነው፤ መምህሩ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ስለ መምህሩ ዝግጅት፣ ስለ ክፍሉ ብዛት፣ ስለ መጽሐፉ አዘገጃጀት ሊነገር የሚገባው ሁሉ የሕፃኑ ጠባይ ሆኖ ይቀርባል። ግእዝ ግን ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ያየዋል። በግእዝ መሠረቱ «መሀረ» ሲሆን ትርጕሙ አስተማረ ማለት ነው፤ «ተምህረ» ከዚያ የወጣ ተደራጊ ግሥ ሆኖ ተማረ ማለት ይሆናል። ተማሪ ማለት እንግዲህ በመነሻው ሌላ ሰው ያስተማረው ማለት ነው። አማርኛ ይህን ገልብጦ «ተማረ» የሚለውን መነሻ አድርጎ «አስተማረ» የሚለውን ከእርሱ አወጣ፤ ትርጕሙም በአገባቡ እንዲማር አደረገ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ሁለቱ ሥራዎች የማይነጣጠሉ ናቸው። «አስተማርሁት፤ ነገር ግን አልተማረም» የሚለው የተለመደ አነጋገር በቃሉ ጥንተ ነገር ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

በአንባቢ ዘንድ መደናገር እንዳይኖር አንድ ነገር እንጨምር። «ተማረ» የሚለው ቃል ምሕረት አገኘ ለማለትም ይነገራል። ይህ ግን በሐመሩ ሐ «መሐረ» ተብሎ ከሚጻፈው ሥር የመጣ ሌላ ቃል ነው። ሁለቱ ሥሮች በአማርኛ አንደበት ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በአንዳንድ መምህራን አሳብ ውስጥም አንድ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ሕፃኑን የሚቀበሉት ለማስተማር ሳይሆን ለማዘን ነው። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው በጎ ፈቃድ ነው።

3. መምህራን ምን መለሱ

የመምህራን አመለካከት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋፍቷል። ስክረግስና ማስትሮፒዬሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1995 የተደረጉ 28 ጥናቶችን አሰባስበው፣ የ10,560 መምህራንን መልስ በ1996 ባወጡት ጽሑፍ መርምረዋል። ከመምህራኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሕፃናቱ በመደበኛው ክፍል ይማሩ የሚለውን አሳብ ደግፈዋል። በራሳቸው ክፍል ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑት ቍጥራቸው ከዚህ ያነሰ ነው። በቂ ጊዜ፣ ችሎታ፣ ሥልጠና ወይም መሣሪያ አለን ያሉት ደግሞ ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ስለ ጠቅላላው አሳብ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስና «አንተ ራስህ ታስተምረዋለህን?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ የተለያየ መሆኑ በግልጥ ይታያል።

ዩኔስኮ በ14 አገሮች ወደ 1,000 በሚጠጉ መምህራን ላይ ያስጠናውና ቦውማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ጥናት ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ የመምህሩ መልስ እንደ ጉዳቱ ዓይነት ይለያያል። የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለባቸው ሕፃናት በመደበኛው ክፍል ሊማሩ ይችላሉ ያሉት ሩብ ያህል ሲሆኑ፣ ከባድ የአእምሮ እድገት ጉዳት ስላለባቸው ሕፃናት እንዲህ ያሉት ከመቶ 10 አይሞሉም። ሁለተኛ፣ አብሮ ማስተማርን የሚያዝ ሕግ ባለባቸው አገሮች ደጋፊዎቹ ከመቶ 47 እስከ 93 ሲደርሱ፣ የተራቀቀ የተለየ ትምህርት ቤት ባደራጁ አገሮች ግን ከ0 እስከ 28 ብቻ ነበሩ። ከነዚህ አኃዞች የምንረዳው፣ አመለካከት ሕግንና ሥራን ቀድሞ የሚገኝ ነገር ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ሕግና ሥራ ባሉበትም አብሮ ይገኛል።

4. አማርኛ ያወጣቸው ቃላት

ወደ አገራችን ቋንቋ ስንመለስ በመጀመሪያ የምናገኘው «አእምሮ» የሚለውን ቃል ነው። ይህ ቃል በግእዝ «አእመረ»፣ ማለት ዐወቀ፣ ተረዳ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ ማወቅ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ድርጊትነቱ ተረስቶ የማሰቢያ ክፍል ስም ሆኗል። በዚህም ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች፣ ማለትም «የአእምሮ ሕመም» እና «የአእምሮ ዝግመት»፣ በአንድ ቃል ሥር ተሰለፉ። የመጀመሪያው በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣና ታክሞ ሊሻል የሚችል ሕመም ነው። ሁለተኛው ሕመም አይደለም፤ በእድገት ዘመን የሚታይ የመረዳትና ራስን ችሎ የመኖር ችሎታ መዘግየት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 339 የእድገትን አለመሟላት፣ የአእምሮን ሕመምና የእርጅናን ድካም በአንድ አንቀጽ ሰብስቧል። ሕጉ የተነሣው የውልንና የንብረትን ችሎታ ለመወሰን ስለ ሆነ ለዓላማው አንድ አንቀጽ ይበቃው ይሆናል፤ ለመምህር ግን አይበቃም። «የአእምሮ ችግር ያለበት ልጅ መጣልህ» የተባለ መምህር አስቀድሞ የሚያስበው እብደትን ከሆነ፣ ፍርሃቱ የመጣው ከልጁ ሳይሆን ከቃሉ ነው።

የሕዝቡ አነጋገር ደግሞ ሞኝ፣ ጅል፣ ቂል፣ ነፈዝ፣ ደንቆሮ እያለ ብዙ ቃላት ያቀርባል። ከነዚህ ውስጥ «ደንቆሮ» መስማት የተሳነውን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ ዕውቀት የሌለውንም ለመሳደብ መዋሉ፣ አለመስማት ካለማወቅ እንዴት ተደባልቆ እንደ ኖረ ያሳያል። በሌላ በኩል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት፣ ለስድብ የተነገረ ቢሆንም ሳያስበው አንድ እውነት ይመሰክራል፤ ሞኝ የተባለውም ሰው የሚይዘው ነገር አለ፤ የያዘውንም አይለቅም። አስተማሪ የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

«ዝግመት» ከ«ዘገመ»፣ «አዘገመ» የወጣ ነው፤ በዝግታ መሄድን ያመለክታል። «የአእምሮ ዝግመት» የሚለው ስያሜ፣ ዝግተኛ ከሚለው የላቲን ቃል የተሠራውን የእንግሊዝኛ ስያሜ በትክክል የሚመልስ ነው። ነገር ግን ቃሉ በአማርኛ ያለው ግንኙነት ከእንግሊዝኛው የተለየ ነው። የሚያዘግም ሰው አልቆመም፤ ይሄዳል። የሳይንስ አማርኛም የሕያዋንን ቀስ በቀስ መለወጥ «ዝግመተ ለውጥ» ብሎ ሲሰይም ይህንኑ የመሄድ ፍች ይዞ ነው። ስለዚህ «ዝግመት» በራሱ የሚያዋርድ ቃል አይደለም።

ውርደቱ የመጣው «ዘገምተኛ» ከሚለው ቅርጽ ነው። «-ተኛ» የሚለው ባዕድ መነሻ ሳይሆን መድረሻ ሆኖ ሲገባ፣ ሠራተኛ፣ በሽተኛ፣ ጉዳተኛ በሚሉት ቃላት እንደምናየው፣ አንድን ሁኔታ የሰውየው መታወቂያ ያደርገዋል። ሠራተኛ ለሚለው ክብር ይሆናል፤ ዘገምተኛ ለሚለው ግን ልጁን በአንድ ጠባዩ ብቻ ይጠራዋል። ይህን ለማስወገድ «የአእምሮ ዝግመት ያለበት ልጅ» የሚለው ሐረግ መጣ። ይህም መሻሻል ነው፤ ግን «ያለበት» ውስጥ ያለችው «በ» ቀላል አይደለችም። ዕዳ አለበት፣ ክስ አለበት፣ በሽታ አለበት እንላለን፤ ዕውቀት አለበት፣ ችሎታ አለበት አንልም። መምህሩ ሐረጉን ሲሰማ በልጁ ላይ የተጫነ ሸክም ይታየዋል። የአማርኛ ጸሐፊዎች «ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች» ሲሉ «ያላቸው»ን፣ «የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው» ሲሉ «ያለባቸው»ን መምረጣቸው ይህን ልዩነት ሳያውቁ እንዳልቀሩ ያመለክታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው ስያሜ በወላጆች ማኅበራትና በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ጆሮ ላይ ለስላሳ ነው፤ ከ«ዘገምተኛ» እድፍም ነፃ ነው። በፍቺው ግን «ወሰነ» ከሚለው ስለ ወጣ ድንበርን፣ ከዚህ አያልፍም ማለትን ያመጣል። «ዝግመት» ይሄዳል ሲል «ውስንነት» ይቆማል ይላል። እዚህ ላይ አዲሱ ቃል ይጣል ማለታችን አይደለም፤ ወላጆች መርጠው የያዙትን ስያሜ ማክበር ይገባል፤ በዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ፍቺ ውስጥም የውስንነት ጽንሰ ሐሳብ አለ። ነገር ግን ከላይ ታሪኩን የጠቀስነው የአሜሪካ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መመሪያ የልኬት ደረጃዎችን ትቶ ሰውየው በሚያስፈልገው የድጋፍ መጠን መመደብ ጀምሯል። እንግዲህ መዝገበ ቃላት «ውስንነት»ን ሲፈታ፣ ውስንነቱ ከሚሰጠው ድጋፍ ጋር የሚለዋወጥ መሆኑን አብሮ መጻፍ አለበት።

5. «አካል ጉዳተኛ»፤ የሚሸፍነውና የሚሰውረው

ለተርጓሚዎች ከሁሉ የሚያስቸግረው ጠቅላላው ስያሜ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለው ስምምነት በአማርኛ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ቀደም በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ሲደነግግ፣ በትርጓሜው ውስጥ የአካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ጨምሯል። ሕግ አንድን ቃል ከተለመደው ፍቺው አስፍቶ ሊተረጕም መብት አለው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን «አካል» ሲባል እጅን፣ እግርን፣ ዓይንን ያስባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአካልንና የአእምሮን ጉዳተኞች ለይቶ መጥራቱ ከተለመደው አነጋገር ጋር ይበልጥ ይስማማል።

የዚህን ውጤት ከላይ ካየነው ጥናት ጋር እናገናኘው። መምህራን የማየትና የመስማት ችግር ስላለባቸው ልጆች የሚሰጡት መልስና ስለ አእምሮ እድገት የሚሰጡት መልስ እጅግ የተራራቀ መሆኑ ታውቋል። በአማርኛ መጠይቅ «አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በመደበኛው ክፍል ቢማሩ ይደግፋሉን?» ተብሎ ቢጻፍ፣ መምህሩ በክራንች የሚሄደውን ወይም ብሬል የሚያነበውን ተማሪ አስቦ «አዎን» ሊል ይችላል። ተመራማሪው ውጤቱን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን «አዎን»ው ለሁሉም የተሰጠ ይመስላል። የአእምሮ እድገቱ የዘገየው ልጅ ሳይጠየቅለት እንደ ተፈቀደለት ይቈጠራል፤ የሚያስተምረውም መምህር ሥልጠና ሳያገኝ ይቀራል። ጠቅላላው ስያሜ ልጁን ሸፈነው፤ በመሸፈኑም ሰወረው።

6. ከ«ልዩ» ወደ «አካቶ»

የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. ሲወጣ የተጠቀመበት ጽንሰ ሐሳብ «ልዩ ትምህርት» ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1994፣ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ሕፃናት እንዲቀበሉ የሚጠይቀውን መግለጫ አወጡ። መግለጫው እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አድሎአዊ አመለካከትን ለመዋጋት ከሁሉ የተሻሉ መንገዶች መሆናቸውን ያመለክታል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «አካታች» የሚል ፍቺ ያለውን አዲስ ቃል ሲይዝ፣ የእስፓኝኛው ጽሑፍ ግን «አዋሃጅ» የሚል ፍቺ ባለው በቀድሞው ቃል ተጽፎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በይፋ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጐምም በአንቀጽ 24 ላይ ይኸው የቀድሞው ቃል ገባ። የጉዳት ባለቤቶች ማኅበራት ተቃውመው የራሳቸውን ትርጕም አወጡ፤ ኦስትሪያም እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋዊ ትርጕሟን አረመች። ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። በቀድሞው ቃል ልጁ ራሱን ከክፍሉ ጋር ያስማማል፤ በአዲሱ ቃል ክፍሉ ራሱን ከልጁ ጋር ያስማማል።

በአማርኛ የጸናው «አካቶ ትምህርት» ነው። «ከተተ» ማለት አስገባ፣ ሰበሰበ ሲሆን «አካተተ» ከእርሱ የወጣ ነው። «አካቶ» በአገባቡ ቦዝ አንቀጽ ስለ ሆነ፣ ስም አድርጎ ለመጠቀም «ማካተት» ወይም «አካታች» ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ ልማድ ግን አጽንቶታልና በዚህ አንከራከርም። የሚያሳስበን ሥዕሉ ነው። እህል ጎተራ ሲከተት የሚንቀሳቀሰው እህሉ ነው፤ ጎተራው እንዳለ ነው። መምህሩ «አካቶ» ሲባል ልጁን አስገብቶ ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ ነው ብሎ ቢረዳ፣ ቃሉ አላገዘውም። ከዚህም በላይ የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ካወጣ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ «ልዩ ፍላጎት» እና «አካቶ» የሚሉትን በአንድ እዝባር ለያይቶ ጎን ለጎን ጻፋቸው። አንባቢ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ቢወስዳቸው አይፈረድበትም። «ፍላጎት» ራሱ «ፈለገ» ከሚለው ስለ ወጣ፣ የሚያስፈልግ ነገርን ብቻ ሳይሆን የሚመኙትንም ያመለክታል። ለዚህ ልጅ ግን የተለየ አቀራረብና የረዘመ ጊዜ የሚያሻ እንጂ የሚመኘው ነገር አይደለም።

7. ለመዝገበ ቃላትና ለትርጕም ሥራ የሚሆን ማሳሰቢያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሌላ ስድስተኛና ሰባተኛ ስም እንድናወጣ የሚገፋፋ አይደለም። ያሉትን ቃላት ለይቶ መፍታትና በቦታቸው ማዋል ይበልጣል። ስለሆነም አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መዝገበ ቃላት «የአእምሮ ሕመም»ን እና «የአእምሮ እድገት ዝግመት»ን ወይም «ውስንነት»ን በየራሳቸው ፍቺ ያስገባ፤ አንዱ ሌላው አለመሆኑንም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ጠቅላላ ስያሜ በመጠይቅና በመመሪያ ውስጥ ሲገባ የሚያጠቃልላቸው ጉዳቶች እዚያው ይዘርዘሩ። ሦስተኛ፣ «-ተኛ» የሚለው መድረሻ ስለ ልጆች ሲነገር ይቅር፤ «የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ተማሪ» ማለት ያለ «-ተኛ»ም ያለ «ያለበት»ም ይቻላል፤ ተማሪነቱም የሐረጉ ራስ ሆኖ ይቀመጣል። አራተኛ፣ «አካቶ» ሲፈታ የትምህርት ቤቱ መለወጥ በፍቺው ውስጥ ይግባ።

የመጠይቅ ትርጕምን በሚመለከት ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ተርጓሚው ይጠይቅ። «የአእምሮ ዘገምተኛ ልጆች በመደበኛ ክፍል ሊማሩ ይችላሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር መምህሩን ስለ ሕፃኑ ፍርድ እንዲሰጥ ያደርገዋል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ፍርድ ብቻ ነው። «የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ተማሪ ክፍሌ ቢመደብ፣ ሥልጠናና ረዳት ካገኘሁ አስተምረዋለሁ» የሚለው ግን መምህሩን ስለ ራሱ ሥራ ይጠይቀዋል። የሚለኩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ብቻ ተርጕሞ የሁለተኛውን መልስ አገኘሁ ማለት አይቻልም። አጥኚው ከፍ ያለ ተቀባይነት ተገኘ ብሎ ሲጽፍ፣ ወይም መምህራን አይቀበሉም ብሎ ሲደመድም፣ ቃሉን ያቀበለው ተርጓሚ ስለ ሆነ ከውጤቱ ድርሻ አለው።